ከኋላ ያለው በረንዳ

ሣህሉ ስልኩን የዘጋው በገዛ ልጁ ጆሮ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የጣሪያው ቆርቆሮ መንጣጣት የሚጀምርበት ወር።

«ምን አለችህ?» አለች ሚስቱ ወይንሸት ከጓሮ።

«ከኋላ።»

«ምኑ ነው ከኋላ?»

«ከኋላ አስቀምጣችኋለሁ አለች። አባቷን! እናቷን! ከኋላ!»

ወይንሸት እርጥቡን አንሶላ አራገፈችና ገመዱ ላይ ዘረጋችው።

ልጃቸው ስምረት የምትሠራው ከዱባይ በሚነሳ የሽርሽር መርከብ ላይ ነው። አራት ዓመት የመንገደኛ አልጋ ስታነጥፍ ኖራ፣ አሁን እንግዳ መቀበያው ላይ ቆማ ቁልፍ ትሰጣለች። መርከቡ ሠራተኞቹ በዓመት አንዴ ወላጆቻቸውን በቅናሽ እንዲያሳፍሩ ይፈቅዳል። ጉዞው ሰባት ቀን ነው። ቪዛውን እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለች አንዲት የጉዞ ወኪል ትጨርሳለች። የቀረው የሚያድሩበትን ክፍል ቆርጦ ማሳወቅ ብቻ ነበር። ቀነ ገደቡ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ካለፈ እስከሚመጣው ዓመት የለም። ስምረት ያሰበችላቸው ከመርከቡ ኋላ፣ ፊቱን ወደ መጡበት ያዞረ፣ በረንዳ ያለው ክፍል ነበር። «እኛ ሠራተኞቹ ሁሉ የምንቀናበት ክፍል ነው አባዬ» ብላ ሳትጨርስ ነው ስልኩ የተዘጋው።

ለሌላ ሰው ኋላ አቅጣጫ ነው። ለሣህሉ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የኖረበት ቤት ነው።

በድሮው ባቡር ላይ ሥራው ጭራ ጠባቂ ነበር። ሾፌሩ ከፊት ይቀመጣል። ሣህሉ ከመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ፣ ወንበሯ ወደኋላ በዞረች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ከፊት ያሉት ፉርጎዎች የሚያነሱት አቧራ በሙሉ እሱ ላይ ይራገፋል። ሾፌሩ የሚመጣውን አገር ያያል፤ ሣህሉ የሄደውን። ሥራው ባቡሩ ሙሉ ሆኖ መግባቱን መጠበቅ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ከፉርጎው ጀርባ ክብ ቀይ ሰሌዳ ይሰቅላል። ባቡር በጣቢያ ሲያልፍ የጣቢያው ሹም ዓይኑን የሚተክለው ሾፌሩ ላይ ሳይሆን ሰሌዳው ላይ ነው። ሰሌዳው ከታየ ባቡሩ ሙሉ ነው። ካልታየ የሆነ ቦታ ተበጥሶ የቀረ ነገር አለ፤ መስመሩ ይዘጋል። ከሣህሉ ጉልበት አጠገብ ደግሞ እንደ መሪ የምትጠመዘዝ የእጅ ፍሬን ነበረች። አብዛኛውን ጊዜ ዝገቷን ከመጥረግ ሌላ አይነካትም።

ለዚህ ሥራው ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ሣህሉ ጭራ» ነው። ስምረት ትምህርት ቤት በገባች በሳምንቷ «የጭራ ልጅ» አሏት፤ እያለቀሰች መጣች። ሣህሉ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ስም የጠራውን ሁሉ ሰድቧል፤ ሁለቱን በጥፊ መትቷል። ስሙ ግን አልለቀቀውም።

እንዲያም ሆኖ ስሙ አልነበረም እስካሁን የሚያንገበግበው። የሚያንገበግበው የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አንድ ዓ.ም. ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ነበር። ሁርሶን አልፈው ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደውን ዳገት ሲይዙ ፉርጎዎቹን የሚያያይዘው ብረት ተበጠሰ። የኋላዎቹ ሦስት ፉርጎዎች ከነመንገደኛቸው ቀስ ብለው ቆሙ። ከዚያ ወደ ሁርሶ መንከባለል ጀመሩ። ሣህሉ ፊሽካውን ነፋ፤ የሰማው የለም። ፍሬኗን ያዘና ጠመዘዘ። የመዳፉ ቆዳ ብረቱ ላይ ቀረ። ፉርጎዎቹ የቆሙት ከሁርሶ ጣቢያ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ነው፤ ጣቢያው ውስጥ፣ እነሱ ካለፉ በኋላ፣ በዚያው ሃዲድ ላይ ነዳጅ የጫነ ፉርጎ አምጥተው ገትረው ነበር። ከሰው የተጎዳ አልነበረም። የአንዲት ነጋዴ ፍየል እግሯ ተሰበረ።

የዚያን ቀን ሾፌሩ ኒቆዲሞስ ነበር። ባለፈው ግንቦት የአሮጌ ባቡረኞች መረዳጃ ማኅበር አዳራሽ ተከራይቶ ኒቆዲሞስን ካባ አለበሰው። አብሮ የሰጠው ወረቀት ላይ «ባቡሩን ከአደጋ ያዳነ» ተብሎ ተጽፏል። ሣህሉም ተጠርቶ ነበር። ወንበር የሰጡት ከኋላ ነው።

እና አሁን ልጁም ከኋላ አለችው።

ሰኞ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ወዳለው የዐብዲገኒ ሻይ ቤት ሄደ። ጡረተኞቹ በየቀኑ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ኒቆዲሞስ ከሩቅ አየው።

«ካፒቴን! ና እዚህ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ!»

ሣህሉ ሄዶ ተቀመጠ።

«ወይንሸት ለሚስቴ ነግራታለች። መርከብ ልትሳፈር ነው አሉ።»

«ነው።»

«ከኋላ ነው አሉ።»

ዐብዲገኒ ሻዩን እያስቀመጠ ሳቁን ዋጠ።

«እኔማ ደስ ነው ያለኝ» አለ ኒቆዲሞስ። «ባሕሩ ያለ ጭራ ጠባቂ ስንት ዘመን ኖረ! ፊሽካህን እንዳትረሳ። ማታ የምትሰቅላት ፋኖስስ አለች አይደል?»

«አቦ ተወኝ! ፊት ነው የምይዘው።»

«ፊት ማን ይሰጥሃል?»

«ልጄ።»

«ልጅህ እኮ ናት ከኋላ ያለችህ! ታውቅሃለቻ!»

ከጎን ጠረጴዛ ያሉት ሳይቀሩ ሳቁ። ሣህሉ ሂሳቡን ወርውሮ ሻዩን ሳይቀምስ ተነሳ።

ማክሰኞ ጠዋት የጉዞ ወኪሏ ቢሮ ደጃፍ ላይ የቆመው ቢሮው ሳይከፈት ነው። ወኪሏ ዓምራን ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛና ኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ የምታቀላጥፍ ልጅ ናት። በሯን ከፍታ ማራገቢያውን ወደ እሱ አዞረችለት።

«አዴር፣ በሰላም ነው?» አለችው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው።

«ፊት ነው የምፈልገው።»

«የምን ፊት?»

«የመርከቡ ፊት። ሾፌሩ ያለበት።»

«አቦ፣ ሾፌሩ ጋርማ ማንም አያስቀምጥህም» አለችው። ድሬ ላይ አንቱታ ለእንግዳ ነው፤ ሣህሉም ቅር አላለውም። ዓምራን የኮምፒዩተሩን ስክሪን አዞረችለት። «ይኸው ፊቱ። ተመልከት፣ መስኮቱ አይከፈትም። በረንዳም የለውም፤ ንፋሱ ሰው ይወስዳል። ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ሽቅብ ቁልቁል የሚለው ይኼ ነው። ሚስትህን ባጃጅ እንኳን ያስመልሳታል ብለኸኝ አልነበረም?»

«ጎኑስ?»

«ጎኑ ጥሩ ነው። በረንዳ አለው፤ አንዱን ወገን ታያለህ። ግን ኋላውን ሳታየው አትወስን።»

ፎቶውን አወጣችለት። ሰፊ በረንዳ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከመከለያው ብረት ማዶ ውሃ። መርከቡ ያለፈበት ውሃ ላይ ነጭ መንገድ ተዘርግቶ እስከ ሰማዩ ጫፍ ይሄዳል።

«ንፋሱን መርከቡ ራሱ ይከልልልሃል። ግራም ቀኝም ይታይሃል» አለች። «ላልዋሽህ፣ እንከንም አለው። ሞተሩ ከሥር ስለሆነ ይነዝራል። አንዳንዴ ከጭስ ማውጫው ጥላሸት ይወርዳል። ከሊፍቱም ሩቅ ነው፤ በእግርህ ትሄዳለህ።»

«ንዝረት። ጥላሸት። ሩቅ» አለ ሣህሉ። ድምፁ ከፍ እያለ መጣ። «አውቀዋለሁ! ይኼን ወንበርማ አውቀዋለሁ!»

«ታዲያ ሰው ይሻማበታል። ጥቂት ክፍሎች ናቸው። ዋጋውም ከጎኑ ይበልጣል፤ ስምረት ያገኘችላችሁ በሠራተኛ ዕድል ነው።»

ሣህሉ ዓይኑን ከፎቶው አነሳ።

«ይበልጣል?»

«ይበልጣል።»

«ሰው ከኋላ ለመቀመጥ ይከፍላል?»

«ያውም ከዓመት በፊት አስይዞ።»

ሣህሉ ተነሳ። ቢሮዋ ጠባብ ስለሆነች መሄጃ አጥቶ እዚያው ዞረ።

«ስሚኝ ዓምራን። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ባቡሩ ላይ ከተሳፈረው ሠራተኛ ሁሉ ያነሰው ደመወዝ የእኔ ነበር። ለሾፌር ካፖርት ይሰጡታል፤ ለእኔ አፍንጫዬን የምሸፍንበት ጨርቅ ከቤቴ ነው የማመጣው። አቧራ በልቻለሁ። ጥላሸት ለብሻለሁ። ጭራ ተብዬ፣ ልጄ የጭራ ልጅ ተብላ! አሁን ፈረንጅ ያችኑ ወንበር በረንዳ ቀጥሎባት፣ ከፊቱ አስበልጦ ይሸጣታል? ያኔም ጥሩ ቦታ ነበር ማለት ነው? ጥሩ ቦታ ከነበረ ለምንድነው ማንም ያልነገረኝ?»

«አዴር» አለች ዓምራን በቀስታ፣ «እኔ ያኔ አልተወለድኩም።»

ሣህሉ በሩን ከኋላው ወርውሮ ወጣ። እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገር ብቻውን እያወራ ነበር፤ ሁለት ባጃጆች ሊጭኑት ቆመው፣ ፊቱን ሲያዩ ትተውት ሄዱ። ባለፈው ቅዳሜ የተናደደው «ከኋላ» ስለተባለ ነው። ዛሬ የተናደደው ኋላው ጥሩ ስለሆነ ነው። አንዱ ንዴት ሌላውን አላስወጣውም።

ወይንሸት አልጋው ላይ ልብስ እያጣጠፈች አገኛት። ታይዋን ከሚባለው የከተማው ገበያ የገዛችው ቀይ ሻንጣ ወለሉ ላይ አፉን ከፍቷል፤ የዋጋው ወረቀት ገና አልተነሳለትም።

«ቀርቷል» አላት ከበሩ ሳያልፍ። «አንሄድም። ለስምረት ንገሪያት።»

ወይንሸት የያዘችውን ቀሚስ አጣጥፋ ጨረሰች። ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠችው።

«ከኋላ ይሁን ያልኳት እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«ስምረት የጎኑን ልትይዝ ነበር። ከኋላ የለም ወይ አልኳት። አለ ግን ከተገኘ ነው አለች። ፈልጊልኝ አልኳት። ፈልጋ አገኘች።»

«አንቺም? አንቺም ጭራ ልትይኝ?»

ወይንሸት ቀና አለች። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራቸው ድምፅዋን ከፍ ያደረገችበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ያ ቀን አንዱ ሆነ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ዛሬ እንኳ አድምጠኝ! ያን ሁሉ ዘመን እዚሁ ድሬ ለገሃር ቆሜ ሸኝቼሃለሁ። የሌላዋ ሚስት የባሏን ጀርባ ነው አይታ የምትመለሰው። እኔ ባቡሩ እስኪታጠፍ ድረስ ፊትህን አያለሁ። ከዚያ ትሄዳለህ። አዋሽ ትደርሳለህ፣ ጅቡቲ ትደርሳለህ፣ ባሕር ታያለህ። አቧራህን ተሸክመህ ትመጣለህ። ውሃ አሙቄ እግርህን ሳጥብ ‹ምን አየህ?› እልሃለሁ። ‹ምንም› ትለኛለህ። በሳምንቱም ምንም! በዓመቱም ምንም! ሰው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ ምንም አያይም?»

«ወይንዬ…»

«አልጨረስኩም! እኔ ለቁልቢ ገብርኤል ካልሆነ ከድሬ ወጥቼ አላውቅም። የት ይመስለኝ እንደነበር ታውቃለህ አንተ የምትቀመጠው? ጨለማ ሳጥን ውስጥ። ዘንድሮ ስምረት የዚያን በረንዳ ፎቶ ስትልክልኝ ነው ‹ለካ እዚህ ነበር ባሌ የተቀመጠው› ያልኩት። ያን ወንበር ማየት እፈልጋለሁ። ተቀምጬበት፣ ከዚያ ላይ ምን እንደሚታይ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። አንተ ካልፈለግህ ከኒቆዲሞስ ጋር ሻይህን ጠጣ። እኔ ሻንጣ ገዝቻለሁ።»

ሣህሉ በሩን ለቆ ወደ ግቢው ወጣ። ረቡዕን ሙሉ ቀን ግቢው ውስጥ የማያስፈልግ ነገር ሲጠግን ዋለ፤ ደህናውን የበር ማጠፊያ ፈታና መልሶ ገጠመው። ወይንሸትም ምግቡን እዚያው አቀረበችለት።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ዓምራን ቢሮ ገባ። አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ዓምራን ምንም ሳትጠይቀው የቪዛውን ቅጽ አወጣች።

«ስም ትክክል ነው? የትውልድ ዘመን? ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ ባቡር ሾፌር…»

«ማነው ሾፌር ያለሽ?»

«ማንም። ስምረት ባቡር ላይ ነበር አለችኝ። እኔ ሾፌር አልኩት።»

«አጥፊው።»

«ለቪዛ ያምራል እኮ አዴር።»

«አጥፊው አልኩሽ! ሾፌር ሆኜ አላውቅም። ጭራ ጠባቂ ብለሽ ጻፊ።»

«ኤምባሲው ምን እንደሆነ ያውቃል?»

«ካላወቁ ይደውሉልኝ።»

ዓምራን አጠፋችና ጻፈች። ሣህሉ አጎንብሶ ፊደል በፊደል አነበበው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ልጁ ጋ ደወለ።

«አባዬ! ሰዓቱ ሊያልፍ ነው…»

«ከኋላ ያለውን ያዢ።»

«ተመስገን! እኔ እኮ…»

«ቆይ። እዚያ መርከብ ላይ ኋላውን የሚጠብቀው ማነው?»

«ምኑን የሚጠብቀው?»

«ኋላውን ነዋ! ሰው የለም?»

«ካሜራ አለ አባዬ።»

«ካሜራ! ካሜራ ፍሬን ይጠመዝዛል?»

ስምረት ሳቀች። «መርከብ አይበጠስም አባዬ።»

«ባቡርም አይበጠስም ይሉን ነበር» አላት። ያን ቀን ግን ስልኩን አልዘጋባትም፤ እሷ ደህና ዋል እስክትል ጠበቀ።

ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነስቶ፣ እግሩ ወደ ዐብዲገኒ ሻይ ቤት ወሰደው። ኒቆዲሞስ የተለመደው ቦታው ላይ ነበር።

«እህሳ ካፒቴን! ፊት ሰጡህ?»

«አልሰጡኝም። ኋላ ያዝኩ።»

«አላልኳችሁም!» አለ ኒቆዲሞስ ወደ ሌሎቹ ዞሮ።

ሣህሉ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። «ኒቆዲሞስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዐብዲገኒም ይስማ። ያን ቀን፣ ሰማንያ አንድ ላይ፣ መበጠሱን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«አቦ፣ የቆየ ነገር ምን…»

«መቼ?»

ኒቆዲሞስ ብርጭቆውን በእጁ አዞረ። «መልካ ጀብዱ ስደርስ።»

«ማን ነገረህ?»

«የጣቢያው ሹም።»

«ምን ብሎ?»

«ቀይ ሰሌዳው የለም ብሎ።»

«እስከዚያ ስንት ኪሎ ሜትር ነድተህ ነበር?»

ኒቆዲሞስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አሥራ አንድ» አለ።

ዐብዲገኒ የሚቀዳውን ሻይ አቆመ። «ወሪያ፣ አንተ ኒቆ!» አለ፣ «ለእኛ እንዲህ አልነበረም እኮ የምትነግረን። ፍሬኑን ያዝኩ ነበር ያልከን።»

«ካባውን ለምኜ አልለበስኩም። አለበሱኝ።»

«ስታወልቀውም አላየሁህም» አለ ሣህሉ። «ካባው ይቅርብኝ፤ በዚህ ሙቀት ማን ይለብሰዋል። ከዛሬ ጀምሮ ስታወራ ግን ሰሌዳውን አትዝለል።»

ኒቆዲሞስ ጠረጴዛውን እያየ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ዐብዲገኒ ያልታዘዘ ሻይ አምጥቶ ሣህሉ ፊት አስቀመጠ፤ ሣህሉ እስከ ጭላጩ ጠጣው።

ወይንሸት የግቢው በር ላይ ቆማ ነበር።

«ስምረትን ምን አልካት?»

«ያንቺን ምርጫ ያዢ አልኳት።»

«ከኋላ?»

«ከኋላ። ግን ንዴቱ አልበረደልኝም፤ እንዳይመስልሽ።»

«አይብረድልህ» አለች ወይንሸት። «ስትናደድ ታወራለህ።» ገብታ ሁለት ዱካ ወንበር አወጣችና ጥላው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንዱ ላይ ተቀመጠች። «በል ቁጭ በልና ንገረኝ። ሁርሶን ስታልፉ ምን ይታያል?»

ሣህሉ ሌላኛው ላይ ተቀመጠ።

«በመጀመሪያ አቧራ ነው የሚታየው» አለ፤ ድምፁ አሁንም የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር።